የሻወር ሙቅ ውሃ ሲዳከም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች ጣሪያው ላይ ሮቶ፣ ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ ቦይለር፣ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ሻወር ላለው ቤት የተዘጋጁ ናቸው። በአዲስ አበባ ብዙ ኮንዶሚኒየምና ቪላ እንዲህ ነው። ቦይለር ሳይኖር ሻወሩ ራሱ ውሃ የሚያሞቅበት ቤት ያላችሁ ወደ መጨረሻው አካባቢ ለብቻው የተጻፈላችሁ መልስ አለ።

ቀዝቃዛው ውሃ እንደ ልብ ይወርዳል፤ ሙቁ ግን ይንጠባጠባል። ቦይለሩ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ቦይለር ውሃ ያሞቃል እንጂ ውሃ አይገፋም። በውስጡ ያለው ሙቅ ውሃ የሚወጣው ከሥር የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ስለሚገፋው ብቻ ነው። ከጀበና ቡና የሚቀዳው ጀበናው ዘንበል ሲል ነው፤ ቦይለር ግን ዘንበል አይልም፤ ከሥር ካልተሞላ ከላይ አይሰጥም። ስለዚህ ሙቁ ውሃ ሲዳከም የሚፈለገው ከሮቶው እስከ ሻወሩ ባለው መንገድ ላይ የጠበበው ቦታ ነው። ያ ቦታ ከቦይለሩ በኋላም፣ በፊትም፣ በራሱ በሻወሩ አፍ ላይም ሊሆን ይችላል።

ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አለመቀላቀልም ይጠቅማል። ውሃው በደንብ ይወርዳል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው ከተባለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ማሞቂያው፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወይም ብሬከሩ ይታያል። ውሃው ይፋጃል፣ ግን ክር አክሎ ነው የሚወርደው ከተባለ ግን ነገሩ የቧንቧ ነው፤ የማሞቂያው መቀየር ምንም አይጨምርለትም። ገና ምንም ሳይፈታ «ይሄ ቦይለር አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» የሚል ባለሙያ ከመጣ፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቧንቧ ፈትቶ የውሃውን ጉልበት እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። መግቢያው ላይ ያለው ውሃ ራሱ ደካማ ከሆነ አዲሱም ቦይለር እንደ አሮጌው ይንጠባጠባል።

ባለሙያ ከመጥራቴ በፊት ምን ልሞክር?

በመጀመሪያ የሙቅ ውሃውን በሌላ ቦታ ይሞክሩ። የእጅ መታጠቢያው ወይም የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከዚያው ቦይለር የሚመገብ ከሆነ ሙቁን ብቻ ይክፈቱት። እዚያ በደንብ ወርዶ ሻወሩ ላይ ብቻ ከደከመ ችግሩ ሻወሩ ውስጥ ነው፤ በጥቂት ብር ያልቃል። ሁሉም ቦታ ላይ ከደከመ ወደ ቦይለሩ መግቢያ፣ ከዚያም ወደ ሮቶው ይሂዱ።

ቀጥሎ ይለኩ። ዓይን ያታልላል። የአንድ ሊትር የውሃ ጠርሙስ አፉን ቆርጠው ከሻወሩ ሥር ይያዙና በስልክዎ ሰዓት ይቁጠሩ። በ10 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው፤ ይህ ለመታጠብ ይበቃል። 20 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 3 ሊትር ነው፤ ሳሙና ማስለቀቅ ያስቸግራል። ልኬቱን አንዴ በቀዝቃዛው ብቻ፣ አንዴ በሙቁ ብቻ ይውሰዱ። ሁለቱም እኩል ደካማ ከሆኑ የሙቅ ውሃ ችግር የለብዎትም፤ ያለብዎት የግፊት ችግር ወይም የተደፈነ የሻወር ራስ ነው። ሙቁ ከቀዝቃዛው በጣም ካነሰ ደግሞ የጠበበው ቦታ በሙቁ መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ የሻወሩን ራስ ከጎማው ላይ በእጅ ፈትተው ውሃውን በባዶው ጎማ ይልቀቁት። በድንገት ጉልበት ካገኘ ሥራው አልቋል፤ የተደፈነው የሻወሩ ራስ ነው።

የሻወሩን ራስ የሚደፍነው ምንድን ነው? እንዴትስ ይጸዳል?

ሁለት ነገር ነው። አንዱ ውሃው ሲሞቅ የሚተወው ነጭ ጠጣር ነው፤ በማንቆርቆሪያችን ሥር የምናየው ዓይነት። ሌላው ከቧንቧ ተፍቆ የሚመጣ ዝገትና አሸዋ ነው። ይህ ሁለተኛው በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይበዛል፤ ባዶ የሰነበተ መስመር ውሃ ሲመለስበት የተጋገረውን ሁሉ ጠርጎ ያመጣል።

ለነጩ ጠጣር አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይበቃዋል። ራሱን ፈትተው ሌሊቱን ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት። ቀዳዳዎቹ ለስላሳ ጎማ ከሆኑ በአውራ ጣት ማሸት ብቻ ሊበቃ ይችላል። በመርፌ መቆርቆር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ጎን ይረጫል። በረኪና ለዚህ ምንም አያደርግም፤ ከአቼቶ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና በአንድ ዕቃ ውስጥ አያገናኟቸው።

አሸዋ ግን በአቼቶ አይሟሟም፤ የዝገት ቅርፊትም በቀላሉ አይለቅም። ራሱ ከጎማው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ወንፊት አለች፤ አውጥተው ይጠቡት። እሷን መጣል ጥሩ አይደለም፤ ብትወጣ ቆሻሻው ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል።

ድሬዳዋ ነው የምኖረው። በየጊዜው ይደፈንብኛል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ግን እንዲህ አያውቁም። ለምን?

የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል። መቀሌም ተመሳሳይ ነው። አዲስ አበባ ግን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣውን የዝናብ ውሃ የሚያገኘው ሰፈር ብዙም አይቸገርም፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚያገኘው ግን ትንሽ ይበልጥ ጠጣር ያያል።

ጠጣሩ የሚወርደው ውሃው ሲሞቅ ስለሆነ፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ክምችቱ ይፈጥናል። የቦይለሩን ሙቀት ጫፍ ላይ አድርገው ከሚኖሩ ወደ 60 ዲግሪ አካባቢ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ከዚያ በጣም ማውረድ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሳንባ የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። በዚያው ልክ 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንዶች ቆዳ ስለሚልጥ፣ ሕፃን በሚታጠብበት ቤት ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት ልማድ ይሁን። ጠጣር ውሃ ባለበት ከተማ ቦይለሩን በዓመት አንዴ ባዶ አስደርጎ ማጠብ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ነው።

ራሱም ጎማውም ደኅና ነው። ሙቁ ብቻ ነው የሚደክመው። ቀጥሎስ?

ወደ ማቀላቀያው ይሂዱ። ባለ አንድ እጀታ ከሆነ በውስጡ ካርትሪጅ የሚባል ፕላስቲክና ሴራሚክ የያዘ ክፍል አለ። ሙቁና ቀዝቃዛው የሚገቡበት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የዝገት ቅርፊት፣ የመጋጠሚያ ማሸጊያ ቴፍሎን ቁራጭ ወይም ሲገጠም የተፋቀ ፕላስቲክ እዚያ ይቀረቀራል። አዲስ ቤት በገቡ በሳምንቱ የደከመ ሙቅ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ውሃውን ዘግተው፣ እጀታውን በካቻቢቴ ፈትተው ካርትሪጁን አውጥተው ማጠብ ይቻላል። መግዛት ካስፈለገ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ስፋቱ ይለያያልና ሱቅ ውስጥ በቃል ማስረዳት አያዋጣም።

ማቀላቀያው ንጹህ ከሆነ ከቦይለሩ የሚወጣውን ተጣጣፊ ቱቦ ይመልከቱ። ከውጭ የብረት ሽቦ የተጠለፈበት ያማረ ነገር ነው፤ ውስጡ ግን ጎማ ነው። ለዓመታት ሙቅ ውሃ ሲያልፍበት ጎማው ያብጥና ወደ ውስጥ ይዘጋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ቀዝቃዛው ቱቦ በዚያው ዕድሜ ደኅና ሆኖ የሙቁ ብቻ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ከመጠርጠር መቀየር ይቀላል።

ከዚያ የቦይለሩ መግቢያ ነው። ሰማያዊ ምልክት ባለው በቀዝቃዛው በኩል ትንሽ ዘንግ ወይም እጀታ ያላት የደኅንነት ቫልቭ ትገኛለች። በውስጧ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ክዳን በስፕሪንግ ተይዟል። ክዳኑ በጠጣር ሲጋገር ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ሙቁ ውሃ ያኔ በግማሽ ጉልበት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የማይፈተሸው ቦታ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆን ሲገባው። ይህን ቫልቭ ከመፍታት በፊት ብሬከሩን ማጥፋትና ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ያቺ ቫልቭ ውሃ ታንጠባጥባለች። ላስደፍናት?

በፍጹም። ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ መመለስ ስለማይችል በቫልቯ በኩል ይወጣል። ሲሞቅ ብቻ የምታንጠባጥብ ከሆነ ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ቀጭን ቱቦ አድርገውላት ወደ ፍሳሹ ይምሩት። ቀንም ሌሊትም ሳታቋርጥ የምትፈስ ከሆነ ትቀየር። በእንጨት ወይም በብሎን የተደፈነ የደኅንነት ቫልቭ ያለው ቦይለር ግን ቴርሞስታቱ በተበላሸ ቀን ሊፈነዳ ይችላል።

ቤቱ አዲስ ነው። ሙቁ ውሃ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ደካማ ነው። ሁሉንም ቀይረናል።

ግድግዳው ውስጥ ያለውን ይጠርጥሩ። በአሁኑ ጊዜ ብዙው ቤት ፒፒአር በሚባለው ፕላስቲክ ቧንቧ ይሠራል፤ መጋጠሚያው በጋለ ብረት ቀልጦ ይበየዳል። ሠራተኛው ከሚገባው በላይ ካጋለው ወይም አብዝቶ ከገፋው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተንከባልሎ ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ከውጭ ሲታይ ያማረ ብየዳ ነው፤ ከውስጥ እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ሊሆን ይችላል።

የቧንቧው ውፍረትም አለ። ለሙቅ ውሃ የሚያገለግለው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የውስጥ ስፋቱ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 25ቱ ወደ 16.6 ይደርሳል፤ ውሃ የሚያሳልፍበት ስፋት በግማሽ ያህል ይበልጣል። ከሮቶው ራቅ ላለ መታጠቢያ ቤት ባለ 20ውን የዘረጋ ኮንትራክተር ያተረፈው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ለባለቤቱ ያተረፈው ግን የዕድሜ ልክ ንጭንጭ ነው። ቤት እያስገነባችሁ ያላችሁ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ይህን እዩ።

በአሮጌ ቤቶች ያለው የብረት ቧንቧ ሌላ ታሪክ ነው። ከውስጥ ዝጎ ይጠባል፤ የሙቁ ከቀዝቃዛው ይፈጥናል። እሱ አይጸዳም፤ ይቀየራል።

የምኖረው የላይኛው ፎቅ ነው። ሮቶው ከጭንቅላቴ በላይ ነው፤ ታዲያ ውሃው ለምን ይደክማል?

ሮቶው ቅርብ ስለሆነ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ግፊት የሚገኘው ከከፍታ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ያህል ይሰጣል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ከሻወሩ ራስ ሁለት ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.2 ባር ብቻ ይሰጥዎታል፤ ሦስት ፎቅ ወደ ታች ያለው ጎረቤትዎ ከዚያው ሮቶ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ያገኛል። በቦይለሩ፣ በቫልቩና በማቀላቀያው ውስጥ ሲያልፍ ያ 0.2 ባር ተሟጦ ያልቃል።

መፍትሔው ሦስት ነው፤ የሮቶውን ማስቀመጫ ከፍ ማድረግ፣ ከሮቶው የሚወርደውን ቧንቧ ማስፋት፣ ወይም ፓምፕ መግጠም። የመጀመሪያው የሞላ ሮቶን ክብደት ማሰብ ይጠይቃል፤ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው፤ በብረት ቆራጭ ግምት ብቻ አይሠራም። ፓምፕ ከመረጡ ከሮቶው መውጫ ላይ፣ ሙቁና ቀዝቃዛው ከመለያየታቸው በፊት ይግጠሙት። በቀዝቃዛው መስመር ላይ ብቻ የተገጠመ ፓምፕ ሙቁን የባሰ ያዳክመዋል፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ባለው መልስ ውስጥ አለ። የደኅንነት ቫልቩ ላይ የተጻፈውን ግፊት የሚያልፍ ፓምፕም አይግዙ።

ሙቁን ብቻ ስከፍተው ይወርዳል። ከቀዝቃዛው ጋር ሳቀላቅለው ግን ሙቁ ይጠፋል።

ይህ የአዲስ አበባ ቤቶች የታወቀ በሽታ ነው፤ በጣም ብዙ ቦይለር ያለ ጥፋቱ የተነቀለውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚፈጠረው ቀዝቃዛው በቀጥታ ከመንገድ መስመር (ከከተማው የውሃ መስመር)፣ ሙቁ ግን ከሮቶው ሲመጣ ነው። የመንገዱ መስመር ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ግፊቱ ከሮቶው ብዙ እጥፍ ነው። ማቀላቀያው ውስጥ ሲገናኙ ብርቱው ደካማውን አይቀላቀለውም፤ እንዳይወጣ ያግደዋል። በፈረቃ ሰዓት ሻወሩ ቀዝቃዛ ብቻ ሆኖ፣ ውሃው ሲሄድ ደግሞ «ይስተካከላል»። የቤቱ ሰው ነገሩን ከመብራት ጋር ሲያያይዘው ይኖራል።

የሚድነው ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ በማምጣት ነው፤ የሻወሩ ቀዝቃዛም ከሮቶው ይውረድ፣ የመንገዱ መስመር ሮቶውን ብቻ ይሙላ። ጊዜያዊ ማስታገሻ ከፈለጉ የቀዝቃዛውን መዝጊያ በጥቂቱ ማጥበብ ይቻላል።

ሙቁን ስከፍት ለብ ያለ ውሃ ይመጣል፤ ቦይለሩ ግን ይፋጃል።

ቀዝቃዛው በሆነ ቦታ ወደ ሙቁ መስመር እየገባ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ የቦይለሩን የቀዝቃዛ መግቢያ ይዝጉና የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱ። ጥቂት ፈስሶ መቆም አለበት። ካልቆመ ውሃው በቦይለሩ ሳያልፍ በሌላ መንገድ እየመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያለቀ ካርትሪጅ ነው፤ አለበለዚያም ሙቅና ቀዝቃዛ የተገናኘበት የመጸዳጃ ቤት የእጅ መርጫ፣ መጨረሻው ተዘግቶ ማቀላቀያው ክፍት የተተወ።

ውሃው በደንብ ሞቆ ጀምሮ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በኋላ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን መግቢያና መውጫው ተገላብጦ መገጠሙን ይመልከቱ። 60 ዲግሪ የሞቀ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ በደቂቃ 8 ሊትር ለሚያወርድ ሻወር ወደ 10 ደቂቃ ሊበቃ ይገባል። ካለቀ በኋላ ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ እንደገና 60 ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ተከታዩ ታጣቢ በሩን ቢያንኳኳም የሚለወጥ ነገር የለም።

ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ሻወሩ ይተፋል፣ ያጓራል።

አየር ነው። ቦይለሩን ከማብራትዎ በፊት የሙቁን ቧንቧ በሙሉ ከፍተው ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ። ብሬከሩ እስከዚያ ድረስ ጠፍቶ ይቆይ፤ ውሃ የሌለው ቦይለር ሲበራ ማሞቂያው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። የመጀመሪያው ቡናማ ውሃ በሻወሩ ራስ በኩል እንዳይሄድ ራሱን ፈትተው በጎማው ያውርዱት።

ቦይለር የለኝም፤ ሻወሩ ራሱ ነው የሚያሞቀው። ውሃውን ስጨምር ይቀዘቅዛል፣ ስቀንስ ይፋጃል።

ብልሽት ላይሆን ይችላል። ይህ ዕቃ ውሃን የሚያሞቀው እያለፈ ሳለ ነው። 5,500 ዋት ያለው ሻወር በደቂቃ 3 ሊትር ሲያልፍበት ውሃውን 26 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ 6 ሊትር ሲያልፍበት 13 ዲግሪ ብቻ። 18 ዲግሪ ሆኖ የመጣ ውሃ በመጀመሪያው 44፣ በሁለተኛው 31 ይሆናል። ማታ ኃይሉ ሲወርድ ደግሞ ይብሳል፤ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ማሞቂያው ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይሰጣል።

ጨርሶ የማይሞቅ ከሆነ ግፊቱ አንሶ ይሆናል። በውስጡ ያለው ማብሪያ የሚነሣው በውሃው ግፊት ነው፤ ለላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች ይህ የተለመደ ነው። ግፊቱ ደኅና ሆኖ ካልሞቀ ማሞቂያው ተቃጥሎ ይሆናል።

ይህ ሻወር 25 አምፒር ይስባል፤ ተራ ሶኬት አይችለውም። የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ፣ በተለይም የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ቧንቧውን ወይም ውሃውን ሲነኩ የሚነዝር ከሆነ የፍሰቱን ነገር ይተዉት። ብሬከሩን አጥፍተው፣ ሌላ ሰው እንዳይታጠብበት ነግረው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። የሻወሩ ራስ፣ ጎማው፣ ወንፊቱና ተጣጣፊ ቱቦው በእጅዎ የሚሠሩ ናቸው፤ የቦይለሩ ክዳንና ሽቦዎቹ ግን አይደሉም።